ከአምስቱ ወንበሮች የቀሩት ሁለቱ



አብራሪ ለመሆን የሚያስብ ወጣት ሁሉ ዛሬ አንድ ጥያቄ ይዞ ይመጣል። «ተምሬ፣ ሠልጥኜ፣ የበረራ ሰዓቴን አጠራቅሜ ካፒቴን ለመሆን ስቃረብ አውሮፕላኑ ያለ ሰው መብረር ጀምሮ ቢጠብቀኝስ?» ወላጆችም ይህንኑ ይጠይቃሉ፤ የእነሱ ጥያቄ ውስጥ የሥልጠናው ወጪም አለበት። በሳን ፍራንሲስኮ ጎዳና ሹፌር የሌለው ታክሲ ሰው ጭኖ ሲሄድ በስልኩ ያየ ሰው፣ ሰማይ ላይማ ይቀላል ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። እዚያ መስቀለኛ መንገድ የለም፣ እግረኛ የለም፣ ድንገት አስፋልት የሚያቋርጥ በግ የለም።

መልሴን አስቀድሜ ልናገርና ምክንያቱን ቀስ ብዬ ላስረዳ። ዛሬ ሥልጠና የሚጀምር ወጣት ጡረታ እስኪወጣ ድረስ መንገደኛ በሚጭን ትልቅ አውሮፕላን ውስጥ ሁለት አብራሪዎች ይኖራሉ ብዬ አምናለሁ። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። ሁለቱ ሰዎች ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ፣ ዩኒፎርማቸውን እንደለበሱ፣ ሥራውም እውቀቱም ከእጃቸው ሊወጣ ይችላል። ይህ ደግሞ ትንበያ አይደለም፤ ሆኖ አይተነዋል። አገራችንም ውስጥ ሆኗል።

አንድ ማሳሰቢያ፦ «ዓ.ም.» ካላልኩ በስተቀር የምጠራቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የአቪዬሽን ሰነዶች የሚጻፉት በዚያ ስለሆነ ነው።

አውሮፕላንን ለማሽን አደራ መስጠት ከምናስበው በላይ የቆየ ነገር ነው። በሰኔ 1914፣ የራይት ወንድማማቾች የመጀመሪያ በረራ ገና 11 ዓመት ሳይሞላው፣ ሎውረንስ ስፔሪ የተባለ የ21 ዓመት አሜሪካዊ ፓሪስ አጠገብ በሴን ወንዝ ላይ ዝቅ ብሎ እየበረረ ሁለቱንም እጆቹን ከመሪው አንስቶ ወደ ላይ ዘረጋ። መካኒኩ ደግሞ ከወንበሩ ተነሥቶ ክንፉ ላይ ወጣ። በሰውየው ክብደት አውሮፕላኑ ማጋደል ሲገባው ራሱን አቃንቶ ቀጠለ። ሥራውን የሠራው አባቱ ኤልመር ስፔሪ ለመርከብ ሲሠሩት ከነበረው ዓይነት ጋይሮስኮፕ ነው። የመንገደኛ አየር መንገድ የሚባለው ንግድ እግሩን ሳይተክል አውቶፓይለት ተወልዶ ነበር ማለት ነው።

ማረፍም እንዲሁ ነው። የለንደን ጭጋግ በየክረምቱ በረራ እያስተጓጎለ ሲያስቸግር እንግሊዞች ራሱን የሚያሳርፍ አውሮፕላን ሠሩ፤ በሰኔ 1965 ትራይደንት የተባለው ጄት ከፓሪስ የጫናቸውን መንገደኞች ሂትሮው ላይ በራሱ መሣሪያ አሳረፈ። ያኔ የተወለደ ሰው ዛሬ ጡረታ ላይ ነው።

ታዲያ ማሽኑ ይህን ሁሉ ከቻለ ሰውየው ለምን ቀረ?

አውቶፓይለት የታዘዘውን ይፈጽማል። ከፍታውን፣ ፍጥነቱን፣ መንገዱን የሚነግረው ሰው ነው፤ የሚከታተለውም ሰው ነው። በራሱ ለማረፍ ደግሞ ከማኮብኮቢያው የሚላክ ትክክለኛ የሬዲዮ ጨረር፣ ከወሰን ያላለፈ የጎን ንፋስ፣ ለዚሁ የሠለጠኑና የተፈቀደላቸው አብራሪዎች ይፈልጋል። በአብዛኛው በረራ ላይ ጎማውን ከመሬት የሚያገናኘው ዛሬም የሰው እጅ ነው።

በነሐሴ 2022 ከካርቱም ወደ አዲስ አበባ ይመጣ የነበረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 343 ይህን በግልጽ አሳይቶናል። በወቅቱ እንደተዘገበው ሁለቱም አብራሪዎች እንቅልፍ ጥሏቸው ነበር። አውሮፕላኑ በ37,000 ጫማ ላይ ሳይናወጥ መጥቶ መውረጃው ላይ ሲደርስ አልወረደም። የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች ደጋግመው ጠሩ፤ መልስ የለም። ቦሌን አልፎ ሲሄድ አውቶፓይለቱ ተላቀቀ፣ ማስጠንቀቂያው ጮኸ፣ አብራሪዎቹ ነቁ፤ ዞረውም በሰላም አረፉ። አየር መንገዱ ግንኙነት ለጊዜው ተቋርጦ እንደነበር ገልጾ ሠራተኞቹን ምርመራው እስኪጠናቀቅ ከበረራ አገደ። ከዚህ ታሪክ ሁለት ሰዎች ሁለት ነገር ይወስዳሉ። አንዱ «እንቅልፍ የሚወስደውን ሰው አውጡልኝ» ይላል። ሌላው ደግሞ ማሽኑ ቦሌን አልፎ እየሄደ እንኳ «ለምን አልወርድም?» ብሎ ራሱን አለመጠየቁን ልብ ይላል። እኔ ሁለቱም እውነት አላቸው እላለሁ። ግን ድካምን በሥራ ሰዓት ድልድል ማከም ይቻላል፤ ያልታዘዘውን ለምን እንዳልታዘዘ የሚጠይቅ ማሽን ግን ገና አልተሠራም።

አሁን ወደ ወንበሮቹ ልመለስ። በ1940ዎቹና በ50ዎቹ ረጅም መንገድ የሚሄድ አውሮፕላን ኮክፒት ውስጥ አምስት ሰው ይቀመጥ ነበር፦ ካፒቴን፣ ረዳት አብራሪ፣ የበረራ መሐንዲስ፣ ናቪጌተር እና የሬዲዮ ኦፕሬተር። መጀመሪያ የወረደው የሬዲዮ ኦፕሬተሩ ነው፤ ድምፅ በሬዲዮ ጥርት ብሎ መሰማት ሲጀምር የሞርስ ቁልፍ የሚመታ ሰው አላስፈለገም። ናቪጌተሩ በከዋክብትና በፀሐይ እየለካ ውቅያኖስ ያሻግር የነበረ ባለሙያ ነው፤ ኢነርሺያል የሚባለው የአቅጣጫ መሣሪያ ሲመጣ እሱም ተሰናበተ። ትልቁ ጠብ የተነሣው በበረራ መሐንዲሱ ነው። የአሜሪካ አብራሪዎች ማኅበር ሦስተኛው ሰው መነሣት የለበትም ብሎ ተሟገተ፤ ጉዳዩ ፕሬዚዳንት ሬገን ዘንድ ደርሶ በ1981 የተቋቋመው ኮሚሽን ሁለት ሰው ይበቃል አለ። ከዚያ በኋላ የመሐንዲሱ ጠረጴዛ ያለበት አዲስ አውሮፕላን መሥራት እየቀረ ሄደ።

እኛ ጋ ይህ ታሪክ ሌላ መልክ አለው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1946 በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ ሲያደርግ አብራሪዎቹ ቲደብሊውኤ ከሚባለው የአሜሪካ አየር መንገድ የመጡ አሜሪካውያን ነበሩ። ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የአየር መንገዱ ካፒቴን ሆነው የግራውን ወንበር እስኪይዙ ድረስ ከአሥር ዓመት በላይ ፈጅቷል። ባለ ሦስት ሰው ኮክፒት በነበራቸው ቦይንግ 727 አውሮፕላኖች የእኛ ልጆች በመሐንዲስነትም ሠርተዋል፤ በ1984 ቦይንግ 767 ቦሌ ሲደርስ ግን ያ ወንበር አብሮ አልመጣም። ስለዚህ «ወንበር ቀነሰ» የሚለው ወሬ እዚህ አገር ሲሰማ የሚያሳዝነው ለሥራ ማጣት ብቻ አይደለም። በብዙ ድካም የተገኘ ቦታ ነው።

ይሁን እንጂ እውነቱን እንነጋገር፤ ሦስቱ ሰዎች ከወረዱ በኋላ በረራ አደጋው አልባሰም። በእጅጉ ቀነሰ እንጂ። በ2017 በመላው ዓለም በመደበኛ የመንገደኛ ጄት አደጋ አንድም ሰው አልሞተም። መሬት ሲቀርብ የሚጮኸው መሣሪያ፣ ሌላ አውሮፕላን ሲመጣ «ውጣ» ወይም «ውረድ» የሚለው መሣሪያ፣ ክንፉ የሚሸከመውን ኃይል እንዳያጣ የሚከላከለው የኤርባስ ኮምፒውተር፣ እነዚህ ሁሉ ያዳኑትን ሰው መቁጠር አይቻልም፤ ያልደረሰ አደጋ መዝገብ የለውምና። በጥር 2009 ካፒቴን ሰለንበርገር ሁለቱም ሞተሮች በወፍ የተመቱበትን ኤ320 ሃድሰን ወንዝ ላይ አሳርፎ 155ቱም ሰዎች ሲተርፉ ዓለም ለጀግናው አጨበጨበ፤ ልክ ነበር። በዚያች ሦስት ደቂቃ ተኩል ውስጥ ግን የአውሮፕላኑ ኮምፒውተር አፍንጫው ከልክ በላይ እንዳይነሣ ሲይዝለት እንደነበረ መርማሪዎቹ ጽፈዋል። ወንዙን የመረጠው ሰውየው ነው፤ ሚዛኑን ሲጠብቅ አብሮት የሠራው ማሽኑ ነው። ሰው ብቻውን መልአክ አለመሆኑንም አንርሳ፤ በመጋቢት 2015 የጀርመንዊንግስ ረዳት አብራሪ ካፒቴኑን በር ዘግቶበት 150 ሰው ይዞ ሆን ብሎ ተራራ ላይ ተከስክሷል።

ስለዚህ ዛሬ የመጣሁት ማሽንን ልረግም አይደለም። የምጠይቀው ማሽኑ ከሰውየው ምን ደብቋል ነው።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ እሑድ ጠዋት 2 ሰዓት ከ38 ላይ በረራ ቁጥር 302 ወደ ናይሮቢ ለመሄድ ከቦሌ ተነሣ። አውሮፕላኑ ቦይንግ 737 ማክስ 8 ነው። ከስድስት ደቂቃ በኋላ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ተከሰከሰ። የ35 አገር ዜጎች የሆኑ 157 ሰዎች ሞቱ። ይህን ለናንተ መንገር አያስፈልገኝም። በስድስቱ ደቂቃ ውስጥ በሰውና በማሽን መካከል የሆነውን ግን ቀስ ብለን ልንሰማው ይገባል።

የአውሮፕላኑ አፍንጫ ከሚመጣው አየር አንጻር ምን ያህል ቀና እንዳለ የሚለኩ ሁለት ሴንሰሮች በግራና በቀኝ አሉ። አውሮፕላኑ ከመሬት እንደተላቀቀ የቀኙ 15 ዲግሪ ገደማ ሲያነብ የግራው ዘሎ 74.5 ዲግሪ ላይ ወጣ። 74.5 ዲግሪ! መንገደኛ የጫነ ጄት አፍንጫውን ወደዚያ ልክ ቀና አድርጎ ሊበር አይችልም፤ ይህን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያሻም። ኮክፒቱ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ሁለቱን ቁጥር ጎን ለጎን ቢያይ በአንድ ዓይን ጥቅሻ «የግራው ተበላሽቷል» ይል ነበር። ኤምካስ የሚባለው ሶፍትዌር ግን የሚሰማው አንዱን ሴንሰር ብቻ ነው። የተሰማውን አመነ። አፍንጫው ከልክ በላይ ተነሥቷል ብሎ የጭራውን ክንፍ አዙሮ አውሮፕላኑን ወደ መሬት ደፋው።

ካፒቴን ያሬድ ጌታቸው የ29 ዓመት ወጣት ነበር፤ ከ8,000 ሰዓት በላይ በሯል። ረዳቱ አሕመድኑር መሐመድ ገና የ25 ዓመት ልጅ ነው። ከተነሡበት ቅጽበት ጀምሮ የካፒቴኑ መሪ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ የግራና የቀኝ ፍጥነት መለኪያ አይስማማም፤ ማስጠንቀቂያው በማስጠንቀቂያ ላይ ይደራረባል። በዚያ ውስጥ ሆነው ከአራት ወር በፊት ከላየን ኤር አደጋ በኋላ የተላከውን መመሪያ አስታወሱና ጭራውን የሚያዞረውን ኤሌክትሪክ ዘጉ። ማድረግ ያለባቸውን አደረጉ። ከዚያ ጭራውን በእጅ በሚዞረው ጎማ ሊያቃኑት ሞከሩ፤ ጎማው አልዞር አለ። በዚያ ፍጥነት ጭራው ላይ የሚያርፈው የአየር ጫና ከሰው ክንድ በላይ ነበር። ኤሌክትሪኩን መልሰው ሲከፍቱት ኤምካስ እንደገና ደፋው። ከዚያ በኋላ ጊዜ አልነበራቸውም።

ላየን ኤርን አንስቻለሁና አንድ ነገር ልጨምር። በጥቅምት 2018 ጃቫ ባሕር ውስጥ ገብቶ 189 ሰው የገደለው ያ የኢንዶኔዥያ አየር መንገድ ማክስ፣ በዋዜማው ከዴንፓሳር ወደ ጃካርታ ሲበር ያው በሽታ ይዞት ነበር። የዚያ ምሽት አብራሪዎች ኤሌክትሪኩን ዘግተው በሰላም ደረሱ። ኮክፒቱ ውስጥ ተደርቦ የሚጓዝ ሦስተኛ አብራሪ ነበራቸው። ይህን ሦስተኛ ሰው ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ኤምካስ የሚባለው ነገር በአብራሪዎቹ መመሪያ መጽሐፍ ውስጥ አልነበረም። አብራሪዎች ስሙን የሰሙት ላየን ኤር ከወደቀ በኋላ ነው። ለምን ተደበቀ? የአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ በ2020 ያወጣው ሪፖርት መልሱን ገንዘብ ውስጥ አገኘው። ማክስ ከቀድሞው 737 የተለየ ተብሎ አብራሪዎች ሲሙሌተር ላይ ካልሠለጠኑ አይበሩትም ከተባለ የመሸጫው ማራኪነት ይቀንሳል። ቦይንግ ለሳውዝዌስት አየር መንገድ የሲሙሌተር ሥልጠና ቢያስፈልግ በእያንዳንዱ አውሮፕላን 1 ሚሊዮን ዶላር ሊቀንስለት ተዋውሎ ነበር። እናም አብራሪው እንዳይሠለጥን፣ አብራሪው እንዳያውቅ ተደረገ።

አንዳንድ የውጭ ሰዎች ያኔ ጣታቸውን ወደ አብራሪዎቻችን ቀሰሩ። በታኅሣሥ 2022 የእኛ መርማሪዎች የመጨረሻውን ሪፖርት ሲያወጡ የአሜሪካውና የፈረንሳዩ የምርመራ ቢሮዎች ኤምካስ መንስኤ መሆኑን ተቀብለው፣ የአብራሪዎቹ አያያዝ፣ በተለይም የሞተሩ ኃይል ሳይቀነስ መቆየቱ፣ በቂ ትኩረት አላገኘም አሉ። ይህ አስተያየት መነገሩን መሸፈን አይጠቅመንም፤ ኃይሉ በእርግጥም በመነሻው ልክ ቆይቶ ነበር፣ ጎማውን ያከበደውም ፍጥነቱ ነው። ግን አንድ ሰው ሲሙሌተር ላይ ያልሠለጠነበትን፣ በመመሪያ መጽሐፉ ውስጥ ያልነበረን ባላጋራ በስድስት ደቂቃ ውስጥ እንዲያሸንፍ ተጠይቆ ሳይሳካለት ሲቀር የመጀመሪያው ተጠያቂ እሱ ሊሆን አይችልም። የእኔ ፍርድ ይህ ነው፤ ከዚህ አልነቃነቅም።

ማክስ ወደ ሰማይ እንዲመለስ በኅዳር 2020 አሜሪካ ስትፈቅድ የታዘዘውን ማሻሻያ እዩት። ሶፍትዌሩ ሁለቱንም ሴንሰሮች እንዲያነጻጽር፣ ካልተስማሙ ሥራውን እንዲያቆም። አብራሪዎችም ሲሙሌተር ላይ እንዲሠለጥኑ። ያ ሁሉ ገንዘብ የተቆጠበበት ሥልጠና 346 ሰው ከሞተ በኋላ ግዴታ ሆነ።

ሁለተኛው የማሽኑ ጠባይ ደግሞ በጭንቅ ቀን ሥራውን መልሶ መወርወሩ ነው። በሰኔ 2009 ከሪዮ ዴ ጄኔሮ ወደ ፓሪስ የሚበር የኤር ፍራንስ ኤ330 አትላንቲክ ላይ ሌሊት የበረዶ ቅንጣት የፍጥነት መለኪያ ቱቦዎቹን ዘጋበት። አውቶፓይለቱ ፍጥነቴን አላውቅም ብሎ ተላቀቀ። መለኪያው የጠፋው አንድ ደቂቃ ለማይሞላ ጊዜ ነበር፤ አውሮፕላኑን ዝም ብለው ቢይዙት ይቀጥል ነበር። ካፒቴኑ ዕረፍት ላይ ነው። መሪውን የያዘው ወጣት አብራሪ ደነገጠና አፍንጫውን ወደ ላይ ሳበ፤ ክንፎቹ አየሩን መያዝ ተሳናቸው፤ አራት ደቂቃ ተኩል ባልሞላ ጊዜ ውስጥ 228 ሰው ባሕር ገባ። እነዚያ ሰዎች ብዙ ሺህ ሰዓት የበረሩ ናቸው። ግን በዚያ ከፍታ ላይ በእጃቸው የበረሩበት ሰዓት ስንት ነበር? እዚያ ላይ ሁልጊዜ የሚበረው ማሽኑ ነው።

ሊዛን ቤይንብሪጅ የተባለች እንግሊዛዊት የሥነ ልቦና ተመራማሪ ይህን ገና በ1983 ጽፋው ነበር። ሐሳቧ ሲጠቃለል፦ መሐንዲሱ ቀላል ቀላሉን ሥራ ለማሽን ይሰጥና ከባድ ከባዱን ለሰው ይተዋል፤ ሰውየው ደግሞ ቀላሉን ሥራ ስለማይሠራ ለከባዱ የሚያስፈልገውን እጅ ያጣል። ማሽኑ በተሻለ ቁጥር ሰውየው የበለጠ ሥልጠና ያስፈልገዋል እንጂ ያነሰ አይደለም። የገንዘብ ሹሞች ይህን መስማት አይወዱም። ማሽኑን የሚገዙት ሥልጠናውን ለመቀነስ ነዋ! የአሜሪካው የአቪዬሽን መሥሪያ ቤት ራሱ በ2013 ለአየር መንገዶች አብራሪዎቻችሁ በሚመች ጊዜ በእጃቸው እንዲበሩ አበረታቱ ብሎ ማሳሰቢያ ለማውጣት ተገዷል።

አሁን የቀጣዩን ወንበር ጉዳይ ላንሳ። ኤርባስ በረጅም በረራ ላይ አውሮፕላኑ ከፍታውን ከያዘ በኋላ አንዱ አብራሪ ብቻውን ሲቆይ ሌላው እንዲተኛ የሚያስችል አሠራር ለኤ350 ሲያጠና ቆይቷል፤ ካቴይ ፓስፊክም አብሮ እንደሚሠራበት በ2021 ተዘግቧል። ስሌቱ ግልጽ ነው፤ ዛሬ ሦስት ወይም አራት አብራሪ የሚጭን በረራ በሁለት ይሄዳል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች አየር መንገዶች የሚሠሩ ወገኖቻችን ይህን ዜና በቅርብ ይከታተሉታል፤ የሚበሩት መንገድ ረጅም ነውና መጀመሪያ የሚነካው እነሱን ነው። የአውሮፓ ኅብረት የአቪዬሽን ደኅንነት ኤጀንሲ ያስጠናው ጥናት ውጤት በ2025 ሲወጣ ግን ዛሬ ባሉት ኮክፒቶች ይህ አሠራር ከሁለት ሰው እኩል ደኅንነት እንዳለው ማሳየት አይቻልም አለ።

ብዙ ሰው ረዳት አብራሪን እንደ ሚኒባስ ረዳት ያስበዋል። ስህተት ነው። ረዳት አብራሪው የራሱ ፈቃድ ያለው፣ በፈረቃ አውሮፕላኑን የሚያበር፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ካፒቴኑን የሚያርም ሰው ነው። አባቶቻችን «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» ያሉት ለዚህ ይመስለኛል። ያ የላየን ኤር ሦስተኛ ሰው ትዝ ይበላችሁ። በኅዳር 2010 ከሲንጋፖር የተነሣ የቃንታስ ኤ380 አንድ ሞተሩ ፈንድቶ ክንፉን ሲበሳው ኮምፒውተሩ የብልሽት መልእክት በመልእክት ላይ ይከምር ጀመር። እንደ አጋጣሚ ኮክፒቱ ውስጥ አምስት አብራሪዎች ነበሩ። አንዱ ያበራል፣ ሌሎቹ መልእክቱን ያነባሉ፣ የሚታመነውንና የማይታመነውን ይለያሉ፤ 469ኙም ሰው በሕይወት ወረደ። ያን ለአንድ ሰው ስጡትና አስቡት።

ደግሞም ማንም ፕሮግራም ያልጻፈለት ቀን አለ። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ካፒቴን ልዑል አባተ ያበሩት የነበረው የአየር መንገዳችን 767 ተጠለፈ። ጠላፊዎቹ አውስትራሊያ ውሰደን አሉ፤ ነዳጁ እንደማይበቃ ቢነገራቸው አላመኑም። ካፒቴኑ የአፍሪካን የባሕር ጠረፍ እየተከተሉ ቆዩና ኮሞሮስ አካባቢ ነዳጁ አለቀ። ጠላፊዎቹ ኮክፒቱ ውስጥ እየታገሏቸው፣ ሁለቱም ሞተሮች ጠፍተው፣ ሰው በሚበዛበት የባሕር ዳርቻ አጠገብ ውሃው ላይ አወረዱት። ከ175 ሰዎች 125ቱ ሞቱ፤ 50ዎቹ ተረፉ። የተረፉት ዋናተኞችና ጀልባ ያላቸው ሰዎች ፈጥነው ስለደረሱላቸው ጭምር ነው። የሚያስፈራራ ሰው እያናገሩ፣ ውሸትና እውነት እየመዘኑ፣ ሰው ያለበትን የባሕር ዳር እየፈለጉ መብረር የትኛው ኮምፒውተር ላይ ይጫናል? ከመሬት የሚቆጣጠር ሰው ይተካል የሚሉ አሉ። መሬት ላይ ያለ ሰው ግን ሕይወቱ አውሮፕላኑ ውስጥ የለም፤ የሚያገናኘው ሬዲዮም ሊቋረጥ ወይም በሌላ ሰው ሊጠለፍ ይችላል።

ያለ ሰው መብረር አይመጣም አላልኩም። ይመጣል፤ በጭነትና በትናንሽ አውሮፕላን በኩል። በኅዳር 2023 ሪላያብል ሮቦቲክስ የተባለ ኩባንያ ካሊፎርኒያ ውስጥ ሴስና ካራቫን ውስጡ አንድም ሰው ሳይኖር አስነሥቶ አሳርፏል። አብራሪው በድንገት ቢታመም መንገደኛው አንድ ቁልፍ ተጭኖ አውሮፕላኑ ራሱ የሚያርፍበት የጋርሚን መሣሪያም ከ2020 ጀምሮ በትናንሽ አውሮፕላኖች ላይ ተፈቅዷል፤ ይህ በእውነት ደስ የሚል ሥራ ነው። ከካራቫን እስከ 300 መንገደኛ ያለው መንገድ ግን ረጅም ነው፤ የሚያስረዝመውም ቴክኒኩ ብቻ ሳይሆን ኢንሹራንሱ፣ ሕጉና ትኬት የሚገዛው ሰው ነው። ቦይንግ ራሱ በሚቀጥሉት 20 ዓመታት ዓለም ከ600 ሺህ በላይ አዳዲስ አብራሪዎች ያስፈልጓታል ብሎ ይተነብያል። የሻጭ ትንበያ ስለሆነ በጥንቃቄ ያዙት፤ ቢሆንም አብራሪ አልባ አውሮፕላን ነገ ይመጣል ብሎ የሚያምን ኩባንያ እንዲህ አይናገርም።

እንግዲህ ጥያቄዬን ለሦስት ወገኖች አቀርባለሁ።

ለሠልጣኞች፦ ሰማዩ ጥርት ባለበት፣ ትራፊኩ በቀለለበት፣ ካፒቴናችሁ በፈቀደበት ቀን አውቶፓይለቱን አላቃችሁ በእጃችሁ ብረሩ። ማኑዋሉን ስታነቡ «ይህ ሲበላሽ ምን ያደርጋል?» ብላችሁ በየገጹ ጠይቁ፤ መልሱን ካጣችሁ አስተማሪያችሁን አስቸግሩ። አስተማሪያችሁም መልሱን ካጣ በጽሑፍ ለአምራቹ ይጠየቅ።

ለምሕንድስናና ለኮምፒውተር ተማሪዎች፦ ይህ ጉዳይ የእናንተም ነው። የአፍሪካ አገሮች አሜሪካና አውሮፓ ያጸደቁትን አውሮፕላን በአመዛኙ እንዳለ ይቀበላሉ። የበረራ ሶፍትዌር አንብቦ «ይህ ፕሮግራም አንዱን ሴንሰር ብቻ ለምን ያምናል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው በሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣናችን ውስጥ መኖር አለበት፤ ያ ሰው ከእናንተ መካከል ይውጣ።

ለአየር መንገዱና ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት፦ አሁን በአፍሪካ ቀዳሚ ገዢዎች ናችሁ፤ 787ንም ኤ350ንም በአህጉሩ መጀመሪያ ያስገባችሁት እናንተ ናችሁ። ገዢ ድምፅ አለው። በሚቀጥለው የግዢ ውል ላይ አምራቹ አውሮፕላኑን ከአብራሪው ትእዛዝ ውጭ የሚያንቀሳቅሰውን እያንዳንዱን ሶፍትዌር በስም፣ ከነሚሰማው ሴንሰርና ከነማጥፊያው ዘርዝሮ እንዲያስረክብ፣ ሁሉም በሲሙሌተር እንዲታይ የሚያስገድድ አንቀጽ አስገቡ። ይህ አንቀጽ ሳይፈረም አዲስ አውሮፕላን ቦሌ አይድረስ።